የሮቃው ዕቃና የብርሃኗ ነጥብ

መስከረም 19፣ 1974
ሙቀት። ጠዋት አራት የወንበር እግር ቶርኖ ማሽኑ ላይ አወጣሁ። ከሰዓት የፎቶ ቤቱ ሊበን በጋሪ ግንድ ጭኖ መጣ። እናቱ ግቢ የነበረው የሮቃ ዛፍ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ነቅሎ ጥሎታል። ያልተሰነጠቀው ይኸው ብቻ... እናቱ አዴ ፋዱማ ግቢውን ለቃ መልካ ጀብዱ ሴት ልጇ ጋ ልትገባ ነው። ከዛፏ የወተት ዕቃ ይዛ መሄድ ፈልጋለች። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ።
"ጋሼ፣ አንተ ካልሠራኸው ማን ይሠራዋል አቦ" አለኝ ጮክ ብሎ።
እሺ አልኩት። ምን ነካኝ?

መስከረም 23
በኒም እንጨት ሞከርኩ። መሮው ጎኑን በስቶ ወጣ። ድሮ ውስጡን የሚያይልኝ ጆሮዬ ነበር። እንጨቱ ሲሳሳ ድምፁም ይሳሳል፤ ያኔ አቆማለሁ። አሁን ዝም ነው... ሃያ ስድስት ዓመት የባቡር ጋራዥ መዶሻ ሲሰማ የኖረ ጆሮ።
ባለቤቴ ወርቅዬ ኩርፊያ መስሏታል። "ስጠራህ ለምን ትዘጋኛለህ?" ትላለች። ደንቆሮ ከምትለኝ አኩራፊ ትበለኝ።

መስከረም 30
የቀበሌ ስብሰባ። ሰው እጅ ሲያወጣ አወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 3
ሊበን የፈረንጅ መጽሔት አሳየኝ። ሌዘር የሚሉት ብርሃን... ቀይ፣ እንደ ክር ቀጥ ያለ። ሩቅ ሄዶም አይበተንም አሉ። ቀኑን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋም። ጆሮዬ የከለከለኝን ዓይኔ ቢሰጠኝስ?
ሌዘር ከየት ይመጣል። የእጅ ባትሪ ግን አለኝ። ሊበን ከተሰበረ ካሜራ ብርሃን የሚሰበስበውን መስታወት ፈልቅቆ ሰጠኝ። የባትሪ ድንጋዩን የቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ አገኘሁ።

ጥቅምት 14
አለቀ። ሁለት ክንድ ያለው ብረት ነው። የታችኛው መሮውን ይዞ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። የላይኛው ባትሪውን ይዞ ከውጭ አብሮት ይሄዳል። ብርሃኗን ከመሮው ጫፍ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውጭ አስቀደምኳት። እንጨቱ ላይ እስካረፈች ድረስ መቁረጥ ነው። ጠርዙን አልፋ መሬት ከወደቀች በቃ፣ ሳስቷል ማለት ነው።
በጠራራ ፀሐይ መስኮት ዘግቼ ኒም ላይ ሞከርኩ። ሰፈሩ የቀትር እንቅልፉን ተኝቷል። ጨለማው ውስጥ እንጨቱ አይታይም፤ እሷ ብቻ አለች፣ ምስር የምታክል... ውኃ ላይ የተንሳፈፍኩ መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ።
አልተበሳም።

ጥቅምት 18
ሮቃው። ነጥቧን እያየሁ ያው ሕልም ውስጥ ገባሁ... ድንገት ማሽኑ ቆመ። ወርቅዬ ማብሪያው ጋ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ግንዱ ከመያዣው ሊወጣ ሲንገጫገጭ አይታ ከበሩ ስትጮህ ነበር ለካ። ትንሽ ቢቆይ ግንባሬን ይለኝ ነበር።
"አየነው፣ አትሰማም?" ከከንፈሯ ነው ያወቅኩት።
"አልሰማም።"
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ሁለት ዓመት አለፈኝ።"
መሬት ላይ፣ ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ተነሳችና ጆሮዬ ሥር መጣች። "እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።"
መያዣውን አጠበቅኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አጠገቤ ቆመች፤ ከተጫነችኝ ላቆም። ብርሃኗ መሬት እስክትወድቅ ሁለታችንም አየናት።

ጥቅምት 25
ዕቃውን ከወርቅዬ ጋር ይዘን ሄድን። አዴ ፋዱማ በሁለት እጇ ተቀብላ አንድ ነገር አለች። ድሮ ቢሆን እንደሰማ ሰው ራሴን እነቀንቅ ነበር።
"አዴ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ጠጋ ብለሽ ንገሪኝ። ግራው ይሻላል።"
ሊበንም ነበረ፤ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።
ተጠግታ ደገመችልኝ። "ዕቃው ከባድ መስሎኝ ነበር" ነው ያለችው።
ስንመለስ ወርቅዬ በግራዬ በኩል ሄደች። እስከ ቤት ድረስ አወራችኝ።