በበረኪና ስለታጠበው የመጀመሪያ ማሊያችን

ለተከበሩ የክለባችን ቦርድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ካሉት የሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ እርስዎ ክለቡን ከማወቅዎ በፊት ደጋፊው የነበርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለስድሳኛ ዓመት በዓላችን ስላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ካላመሰገንኩ ውለታ ቢስ እንዳልባል ሰግቼ ይህን ጻፍኩ።

፩. የፋብሪካው ተሸካሚዎችና የወፍጮ ሠራተኞች ቡድኑን ሲያቋቁሙ ማሊያ ስላልነበራቸው፣ ከረጢት ሰፊዋ እናቴ ከተቀደዱ የዱቄት ከረጢቶች አሥራ አንድ ማሊያ ሰፋችላቸው። ሰማያዊው የፋብሪካ ማህተም ጀርባቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ተጋጣሚዎቻችን «ዱቄቶች» ብለው ሰደቡን፤ እኛም ስድቡን ወደድነውና መጠሪያችን ሆነ። ከአሥራ አንዱ የተረፈውን ብቸኛ ማሊያ፣ የበረኛውን፣ እርስዎ በመስታወት ሳጥን ሊያኖሩልን አስበው፣ መጀመሪያ በበረኪና አሳጠቡት። ማህተሙ ድራሹ ጠፋ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ ቢሆንም ንጽሕና የሚወድ አመራር ስላገኘን ደስ ብሎናል።

፪. የበዓሉ መጽሔት ነጩ ቀለማችን «የሰላም ምልክት» እንደሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ማሊያዎችም ከውጭ አገር ታዘው እንደመጡ አስነብቦናል። ዱቄት ነው ብለን ስንኖር ለካ ሰላም ኖሯል። ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፫. እናቴን በክብር እንግድነት ስለጠሩልኝም አመሰግናለሁ። ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ ሳጥኑ ፊት ቆመች፤ ማህተሙን ፈልጋ አጣችው። የሕዝብ ግንኙነት ሹምዎ፣ በቅንነት መሆኑን አልጠራጠርም፣ ማሊያው ከውጭ የመጣ መሆኑን ጮክ ብለው አነበቡላት። እናቴ ሰው ፊት መከራከር አታውቅምና እጅ ነስታ ከሳጥኑ ፊት ዞር አለች። ቤት ስንገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ልጄ፣ ምናልባት እኔ አልሰፋሁት ይሆናል፤ እርጅናው ነው መሰለኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላውንም መጠራጠር ጀምራለች። አባቴን ያወቀችው በክለባችን ሜዳ ዳር መሆኑን እንኳ እኔን ትጠይቀኛለች። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ማህተም ተመልሶ ይመታል፤ የእናቴን ልብ ግን በምን እንደምመልሰው አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ እቤት መጥተው፣ «እርስዎ ነዎት የሰፉት» ብለው በራስዎ አንደበት ይንገሯት። ከሜዳው አምስት ደቂቃ ነው፤ መኪናዎ አይገባም፣ እግርዎ ግን ይገባል።

ለንጹሕ እጅዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣
የከረጢት ሰፊዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የውጭ አገሩን ልብስ ሰፊ አድራሻ ቢልኩልን እንወዳለን። ትናንት እናቴ ሳልጠይቃት፣ የመጀመሪያው በረኛችን ግራ እጁ ከቀኙ ያጥር ስለነበር ግራ እጅጌውን በሁለት ጣት አሳጥራ እንደሰፋችለት ነገረችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሕልም ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሁለቱን እጅጌዎች በመስታወቱ ላይ በሜትሬ ለካሁ፤ ግራው በሁለት ጣት ያጥራል። ሰውዬው ባሕር ማዶ ሆኖ የበረኛችንን እጅ እንዴት እንደለካው ልንጠይቀው ነው።