ኡርሆን በረዶ ያለበስኩበት ቅዳሜ

ውድ እህቴ ለምፒ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የሃርቪ ሳል ለቀቀው? በዚህ ወር አሪዞና ላይ ብርቱካን ከዛፍ እየቀጠፋችሁ እንደምትበሉ ስሰማ ደስም ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። እኔ ጆሮዬ በብርዱ ተቆርጦ አልወደቀም፤ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።

ልጄ ካሪን ትናንት እሁድ መጥታ ነበር። "አባዬ፣ የበረዶውን ወራት ብቻህን የማትወጣው ከሆነ ቤቱን ሸጠን ግሪን ቤይ እኔ ዘንድ ትኖራለህ" ብላ አስቀድማ በስልክ ቁርጡን ነግራኛለች። ይህን ቤት ሸጬ ፎቅ ላይ ከመቀመጥ ሞቴን እመርጣለሁ። ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመኪና መግቢያው እንደ ተወለወለ ወለል ሆኖ ይጠብቃት ብዬ የጓሮ ትራክተሬን አስነሳሁ። ከፊቱ በረዶ እየበላ በአንገቱ ወደ ጎን የሚተፋ መሣሪያ ገጥሜለታለሁ።

የአገራችንን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ በረዶህን ጎረቤትህ ግቢ አትተፋም። ጎረቤቴ ኡርሆ ያኮረፈኝም አምና ነፋስ አሳስቶኝ መኪናውን ስለቀበርኩበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለንም። አሁንም እሱን እንዳልነካ ብዬ የመሣሪያውን አንገት ወደ ነፋሱ አዞርኩት። የኔ ነገር! በረዶው ተመልሶ ፊቴ ላይ ተለሰነ፤ መነጽሬ ታወረ። በደመ ነፍስ አንገቱን ወደ ሌላው ጎን ጠመዘዝኩት።

ለካ ኡርሆ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ወጥቶ፣ እንደ አባቶቻችን ልማድ ራቁቱን፣ ገላው እየጨሰ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ በረዶው ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ቅዳሜ የሳውና ቀን መሆኑን እንዴት እረሳለሁ? "አንተ ሽማግሌ! ልትገድለኝ ነው ወይስ ልታጥበኝ?" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ደንግጬ መሪውን ለቀቅኩት፤ ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ገባ፣ የእኔም እግር ወደ ሰማይ ሆነ። ኮሌታዬን ይዞ ያወጣኝ ራሱ ኡርሆ ነው፤ እንደተፈጠረ ሆኖ፣ ቆቡን ብቻ እንዳደረገ። ከዚያ ወደ ሳውናው ተመልሶ ገባ።

እሁድ ካሪን ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ትራክተሩን አየችው፤ ቂጡን ሰቅሎ ቦዩ ውስጥ ተደፍቷል። "አባዬ፣ ምንድነው ይሄ?" አለች። አለቀልኝ አልኩ። ይሄኔ ኡርሆ የቤተክርስቲያን ካፖርቱን ለብሶ ከች አለ። "እኔ ነኝ የከተትኩት፣ ልጄ። አባትሽማ አትንዳው ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" አላት። ካሪን እኔን ትታ እሱን ያዘችው። "በዚህ ዕድሜዎ ምን ነካዎት?" እያለች እንደ ሕፃን ትገሥጸዋለች፤ እሱ ቆቡን በእጁ ይዞ "ልክ ነሽ፣ ልጄ" ይላል። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አካፋ ፍለጋ ጋራዥ ገባሁ።

ካሪንም "ለዘንድሮ እንኳ እዚሁ ክረም፤ ግን ለእሳቸው ትራክተርህን ሁለተኛ እንዳታውሳቸው" ብላኝ ተመለሰች። መኪናዋ ከዓይን ሲሰወር "ለምን ዋሸህልኝ?" አልኩት።

"እሷ ብትወስድህ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?" አለኝ።

ለምፒ፣ እንባዬ መጣ። እሱም አየብኝና "በል በል፣ ዓይንህ ላይ ይጋገርብሃል" ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

ሃርቪን ጠበቅ አድርገሽ እጁን ጨብጪልኝ፤ ልጃችሁን ጆአንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለዚያች ኩሩ ድመታችሁም ሰላም በሏት። ኡርሆም ሰላም ብሏችኋል። ዛሬ ጠዋት ትራክተሩን አብረን አወጣነው፤ በየት በኩል እንጎትተው በሚለው ተጣልተን ይኸው እንደገና ተኮራርፈናል።

ወንድምሽ ሬይኖ
ሐንኮክ፣ ሚቺጋን
ጃንዋሪ 22 ቀን 2018