በጓሳ ሣር የለሰንሁት ድልድይ

ነሐሴ 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤና እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ከሞላሌ ወዲህ ያለነው እኛም፣ ከድልድያችን በቀር፣ ደህና ነን።

አንደኛ፦ በአሮጌው ድልድይ ወለል ላይ የሚደረበው አርማታ ቀጫጭን የብረት ክሮች እንደሚቀላቀሉበት፣ ክሮቹም ጭድ የግድግዳ ጭቃን እንደሚይዝ ሁሉ አርማታውን ከመሰንጠቅ እንደሚይዙት መሐንዲስዎ በስብሰባ ስላስረዱን እናመሰግናለን። ትምህርቱ በሚገባ ገብቶናል፤ የጎደለው ክሩ ብቻ ነበር። ሲሚንቶው መጥቶ ክሩ ቢቀርብን፣ በአካባቢያችን በሚገኝ ነገር እንድንተካው በስልክ ስላዘዙን ደግሞ ምስጋናችን እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ስለሆነ ምስጋና የለበትም። የጓሳ ሣር ሜዳችን ጠባቂ ሆኜ፣ ሜዳው የሚከፈትበት ጊዜ ሳይደርስ ማንም ማጭድም ከብትም እንዳያስገባ የምከለክለው እኔ፣ ለድልድዩ ብዬ ሣሩን አሳጨድሁ፤ ጓሳ የቤታችንን ጭቃ ከያዘ ድልድዩንም ይይዛል ብዬ አስከትፌ ከአርማታው ጋር አስቀላቀልሁ። ግንበኛው ወንድምአገኝ «አባቴ፣ ይኼስ ይቅርብን» ብሎ ቢለምነኝ ተቆጥቼ ዝም አሰኘሁት። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ በሰበሰ፤ አርማታው ተፈረፈረ፤ የወይዘሮ አረጋሽ በቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ወይዘሮ አረጋሽ ባገኘችኝ ቁጥር «አባቴ፣ ድልድዩን ለግጦሽ መቼ ነው የሚከፍቱልን?» ትለኛለች።

ሦስተኛ፦ ሥራው ደረጃውን የጠበቀ ነው ብለው ለእኔ የምስክር ወረቀት ስለላኩልኝ፣ ከመስቀል ጀምሮም አውቶቡስ እንዲያልፍበት ስለፈቀዱ እጅ እነሣለሁ። በቅሎዋ የሰበረችው አንድ እግር ነው። የአውቶቡስ ጎማ እዚያ ጉድጓድ ቢገባ ግን ከነሰዉ ገደል ነው። ይህን እያወቅሁ ዝም ብል አዲሱ ጥፋቴ ከፊተኛው ይብሳል። ስለዚህ እኔ ያስለሰንሁት ተልጦ ይነሣ፤ ክሩ ይምጣ፤ እስከዚያው አውቶቡሱ ይከልከል።

ጥፋቱን ብቻውን መሸከም ከብዶት ግማሹን በታላቅ ትሕትና የሚያካፍልዎ፣
ወልደ አማኑኤል አፈወርቅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የድልድዩን ሁለት አፍ በእሾህ አጥሬ መካከሉ ላይ ተቀምጫለሁ። የሚያስነሣኝ ሰው ከላኩ መኪናውን ወዲያ ማዶ አቁሞ በእግሩ ይምጣ። አሁንም ደረጃውን የጠበቀ ነው ካሉ ደግሞ ባዶ አውቶቡስ እየነዱ እርስዎ ራስዎ ይምጡ፤ እሾሁን አንሥቼ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። ከሁለታችን በቀር ግን ማንም አይሳፈር።