እማዬ ያጠበቻት ስሙኒ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ባዬ፣

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጤናዎስ እንዴት ነው? የዚያ የሸለቆው ሙቀት ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም ሌሊቱን ደጅ ያሳድረዎታል? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብዎት ወገብዎስ? እትዬ ህይወት እንደምን አሉ? ልጆችዎ ሰብሊና አይናለምስ፣ ባለፈው የላክሁላቸው ቀሚስ አሁንም ይሆናቸዋል ወይስ ቁመታቸው ቀድሞኛል? እኛ እዚህ፣ ናፍቆትዎ እንዳለ ሆኖ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት። ጉልበቴን አመመኝ ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን የሚደርስባት የለም። በቆሎው ተዘርቷል፣ ዝናቡም እንደ ልብ ባይሆን ጀምሯል፣ ቀይዋ ላም ጥጃ ጥላለች።

ይህን ሁሉ በስልክ እንዳልነግርዎ፣ እናንተ ያላችሁበት ሲደወል ገና "ሃሎ" ሳይባል ይቆረጣል። ይህ ወሬ ደግሞ ከመካከሉ ቢቆረጥ ጉድ ነው፤ ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው እኔን ሌባ፣ እማዬን አጥፊ አድርጎ ነው የሚቀረው። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ቴዎድሮስ ወደ ሸንኮራ እርሻችሁ ለሥራ እንደሚመጣ ስሰማ መቀሴን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ። ይዞልዎት የሚመጣው በርበሬ የእማዬ ነው፣ ሸሚዙ የእኔ ነው፤ ወሬው ግን የሁላችን ነውና ረጋ ብለው ያንብቡት።

ያ "ቆርቆሮ ለቀማ" እያሉ የሚስቁብኝ ነገሬ አሁንም አልለቀቀኝም። እንዲያውም ብሶብኛል። የድሮ ሳንቲም የምንሰበስብ ሰዎች በቴሌግራም የተሰባሰብንበት አንድ ቡድን አለ፤ ከድሬዳዋ እስከ ሞያሌ ሰው አለበት፣ ፊት ለፊት ግን ተያይተን አናውቅም። አንዱ ያለውን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ የወደደው ዋጋ ይቆርጣል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይሄዳል። ሲወራ ቀላል ነው። ጭንቁ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ገዢው ገንዘቤን ልኬ ዕቃው ቢቀርብኝስ ይላል፣ ሻጩም ዕቃዬን ልኬ ገንዘቡ ቢቀርስ ይላል። አምና አንድ አጭበርባሪ የውሸት የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ሠርቶ ለአንድ ጡረተኛ ላከላቸው፤ እሳቸውም ገብቷል ብለው ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡትን ሳንቲም አስረከቡት። ከዚያ ወዲያ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆነና ሁሉም ፎቶ ይለጥፋል እንጂ የሚሸጥም የሚገዛም ጠፋ።

እኔ ስሙኒዋን ያገኘኋት በዚያው ሰሞን ነው። አንዲት የሽንዲ እናት ቀሚስ አሰፍተው በዋጋው ፋንታ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። በጃንሆይ ጊዜ የወጣች የመዳብ ስሙኒ ናት። እርስዎ እንደሚያስታውሱት የዚያ ዘመን ስሙኒ ጠርዙ ሸንሸን ያለ ነው፤ ይህቺ ግን ድፍን ክብ ናት። አዋቂዎቹ እንደሚሉት መጀመሪያ የወጣችው ድፍን ሆና ነበር፤ ሰው ብር እየቀባ የሃምሳ ሳንቲሙ ሽልንግ ነው እያለ ሲያታልልባት ጊዜ ጠርዟን ለውጠው እንደገና አወጧት። ድፍኗ ብርቅ የሆነችው ለዚህ ነው። የእኔዋ ደግሞ ዕድሜ ያጠቆራት፣ ጠይም ደርባባ ነበረች። ሰብሳቢ ሰው አብልጦ የሚወደው ይህንኑ ጥቁረት ነው፣ አሮጌ መሆኗን የሚመሰክርላት እሱ ነውና።

ፎቶዋን በለጠፍሁ ዕለት ማህዲ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ እኔ እወስዳታለሁ አለኝ። የቆረጠው ዋጋ ለአዲስ የስፌት መኪና ቀብድ ይበቃል፤ አሮጌዋ መኪናዬ እንደምታጉረመርም እርስዎም ያውቃሉ። ነገር ግን እሱም ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንበት ፈራ፣ እኔም ፈራሁ፣ ተፋጥጠን ቆምን። አባባ ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ማንኩሳ ከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው በሬውን ብቻ አያይም። ሻጩን የማያውቀው ከሆነ "ዋስ ጥራ" ይለዋል። ሻጩም የሚታወቅና የሚታመን ሰው ይጠራል። በሬው የስርቆት ቢሆን፣ ወይም ቀንበር ሲያይ የሚተኛ ዓመለኛ ቢሆን፣ ዋሱ ሻጩን ፈልጎ ያቀርባል፣ ካጣውም ከራሱ ይከፍላል። አባባ ስንት ዘመን በዚያ ገበያ ዋስ ሆነው ቆሙ! "አያ ባምላኩ ዋስ ከሆነ ሌላ አልጠይቅም" ሲባል እኔም በልጅነቴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔም ለማህዲ ዋስ ልጥራልህ ብዬ ጻፍሁለት። ሳቀብኝ መሰለኝ፣ ያን ጥርሱን የሚያሳይ ቢጫ ፊት ላከልኝ። ግን ስንጠያየቅ ጨርቅ የምገዛባቸው የቡሬው ነጋዴ ሐጂ መሐመድአወል የአባቱ የድሮ የንግድ ባልንጀራ ሆነው ተገኙ። ደወልሁላቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "እኔ ስለ ሳንቲም የማውቀው የለም፤ ያምሮትን ግን አውቃታለሁ ብዬ እነግረዋለሁ" አሉኝ። ማህዲ ያንኑ ቀን ገንዘቡን ላከ። ሒሳቤን ከፍቼ መግባቱን አይቼ፣ ስሙኒዋን በጨርቅ ቋጥሬ ለማለዳው አውቶቡስ አዘጋጀሁ።

የአምናው የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነበርና እማዬ ከገጠር መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። እኔ ደንበኛ ስለካ እሷ ቋጠሮዋን ፈታቻት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎ ገምተውታል። በሬ እንኳ ለገበያ ሲወጣ ታጥቦ፣ ቀንዱ ቅቤ ተቀብቶ ነው ብላ የምታምን እናት፣ የጠቆረች ሳንቲም በልጇ ስም ወደ ሰው አገር ስትሄድ ዝም ትላለች? በሎሚና በአመድ ፈተገቻት። እንደ ሙሽራ ቀለበት እስክታብለጨልጭ ድረስ ፈተገቻትና እንደነበረች መልሳ ቋጠረቻት። እኔም ሳልፈታ ወስጄ ለረዳቱ ሰጠሁ፤ ስወጣም "ይቅናሽ" ብላ መርቃኛለች።

ድሬዳዋ የደረሰች ዕለት ማህዲ ፎቶዋን ላከልኝ። "ይህቺ ያሳየሽኝ አይደለችም፣ ትናንት የተሠራች ናት፤ አንቺም እንደዚያ አጭበርባሪ ነሽ" ብሎ ጻፈልኝ። የምሰፋውን እጅጌ አስቀመጥሁ። ዞር ብዬ እማዬን ብጠይቃት ፊቷ በደስታ በርቶ "አማረች አይደል?" አለችኝ። ሳንቲም ሲያብለጨልጭ ዋጋው ይረክሳል ብላት "እንግዲያማ ዓለም ተገልብጧል" ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩ የገባት ስልኩን ሳነብላት ነው። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበችና አንድ ጥግ ተቀመጠች፤ ያቺን አቀማመጧን ማየት ከስድቡ ይልቅ አመመኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ስሜ ነው። ማህዲ ነገሩን በቡድኑ ፊት ቢያወጣው ከዚያ አጭበርባሪ ጎን ልቆም ነው። ከዚያም የከፋው የሐጂ ነገር ነው፤ ስማቸውን አምነው ስላዋሱኝ የባልንጀራቸው ልጅ ፊት ሊያፍሩ ነው። አባባ ዋስ ሆነው ነገር ሲመጣባቸው እንዴት እራት እንደማይበሉ፣ እንዴት ከሰው ዓይን እንደሚሸሹ አይቻለሁ። ያንን በሐጂ ላይ አላደርስም አልሁ። የማህዲ ገንዘብ እንደ ገባ ለስፌት መኪናው የከፈልሁትን ቀብድ ለምኜ አስመለስሁ፤ ባለመኪናው ቢያጉረመርምም መለሰልኝ። ማህዲ ወደ ሐጂ ሳይደውል፣ እኔም ሳንቲሟን መልስ ሳልለው፣ ገንዘቡን እንዳለ ላክሁለት። ከዚያ በቡድኑ ፊት እውነቱን ጻፍሁ። እናቴ አክብሮት መስሏት አጠበቻት፣ ሳልፈታ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ሳንቲሟ ያችው ናት፣ ማመን አለማመን የእናንተ ነው አልሁ።

የሳቀብኝ ሳቀ። "እናቴ አጥባው ነው" የሚለው ቃል በቡድኑ መተረቻ ሆነ፤ የዘገየም፣ የጠፋበትም፣ ሁሉም "እናቴ አጥባው ነው" ይል ጀመር። አንዳንዱ ደግሞ አዘነልኝና "ሞኝ ነሽ፣ አሁን ሳንቲሙም ገንዘቡም እሱ ጋ ነው" አለኝ። እውነትም እሱ ጋ ነበር። ማህዲ ድምፁን አጠፋ። ያን ሰሞን የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ጠማማ ነው፤ የአንዱን ሱሪ ኪስ ገልብጬ ሰፍቼ ባለቤቱ ገበያ መካከል እጁን የሚያስገባበት አጥቶ ተመልሶ መጣ። እማዬም ነገሩ ሳይለይለት አልሄድም ብላ ቁጭ አለች። ሐጂ ብቻ "እኔ ጋ ማንም አልደወለም፣ ልብሽን አሳርፊው" እያሉ ያጽናኑኝ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ጋሼ። ማህዲ ለካ ዝም ያለው ሳንቲሟን በማጉያ መነጽር ሲመረምር ኖሯል። እኔ መጀመሪያ በለጠፍሁት ፎቶ ላይ ከአንበሳው እግር ሥር አንዲት ጭረት አለች፤ ያችው ጭረት በታጠበችውም ላይ አለች። መዘናትም፣ ከክብደቷ አልጎደለችም። ከዚያ እኔ በጻፍሁበት በዚያው ቡድን ፊት "ሳንቲሟ ያችው ናት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው ገንዘቤን ይዞ አስለምኖኛል፤ ሳልጠይቅ የመለሰልኝ ግን ያምሮት ብቻ ናት" ብሎ ጻፈ። የታጠበች ስሙኒ የምታወጣውን ዋጋም ላከልኝ። ከፊተኛው በእጅጉ ያንሳል፤ ልኳ ነውና ተቀበልሁ። እማዬ ይህን ስነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ "ታዲያ ድሮስ መች አበላሸኋት?" አለችና ያንኑ ዕለት ጓዟን ሸክፋ ወደ ገጠር ገባች። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትመጣ ሳንቲሞቼን ቆልፌ ቁልፉን በአንገቴ አንጠለጥላለሁ።

አሁን ግን ልኩራ፣ ይፍቀዱልኝ። የቡድኑ ሰዎች ማን ይቅደም ብለው በተፋጠጡ ቁጥር "ያምሮት ትግባበት" ይላሉ። እኔም እገባለሁ። ሻጩ በአገሩ የሚታወቅ ሰው እንዲጠራ አደርጋለሁ፣ ዋሱን ራሴ ደውዬ አነጋግራለሁ። የደረሰኝ ፎቶ አላምንም፤ ሻጩ ሒሳቡን ከፍቶ ገብቷል ካላለ ዕቃው አይነቃነቅም። ዕቃውም ሊላክ ሲል ተፈትቶ እንደገና ፎቶ ይነሳል፤ ይህቺን ሕግ ያወጣሁት በማን ምክንያት እንደሆነ አልነግርዎም። ያ የተታለሉት ጡረተኛ እንኳ እንደገና መግዛት ጀምረዋል። ለዚህ ሥራ ዋጋ አልጠይቅም፤ አባባም ጠይቀው አያውቁም። የድሬዳዋ ሰውና የአርባ ምንጭ ሰው ፍኖተ ሰላም በተቀመጠች ልብስ ሰፊ ቃል ተማምነው ሲሸጡና ሲገዙ ሳይ ትከሻዬ ይሰፋል። ይሳቁ፣ ግን እውነቴን ነው፣ በራሴ ኮርቻለሁ።

ለእማዬ ግን ይህ ነገር አልዋጥ ብሏት ቆየ። "ዋስነት የወንድ ነው፤ በአባትሽ ዘመን ሴት ዋስ ስትሆን ማን አየ? ደግሞስ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ሰው ነው?" ትለኝ ነበር። እኔም ከእናቴ ጋር ምን ልሟገት፣ እሺ እላታለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን ልጠይቃት ወደ ማንኩሳ ወረድሁ። አጎታችን ገብረ ኢየሱስ በሬያቸውን ሊሸጡ አውጥተው አገኘኋቸው። ገዢው ከወንበርማ በኩል የመጣ እንግዳ ነው፤ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ዋስ ይጥሩልኝ አላቸው። አጎታችን ዙሪያውን ቃኙ። የሚያውቋቸው ወንዶች ሞልተዋል። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው "ያቻት፣ ያምሮት ባምላኩ" አሉ። እንግዳው ግራ ገብቶት "ሴት?" አለ። አጠገቡ የቆመው ደላላ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "አንተ ሰው፣ የምትጠምደው በሬውን ነው ዋሱን? ይህቺ እኮ ዓይኑን ያላየችውን ሰው ገንዘብ ሳትጠየቅ የመለሰች ናት!" አለው። ወሬዬ ማንኩሳ ድረስ መውረዱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንግዳው ስቆ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥሁት፣ ዋስ ሆንሁ።

እማዬ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ደጅ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ይዛኝ ገባችና አባባ ይቀመጡበት የነበረውን መደብ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከሞቱ ወዲህ እንግዳ እንኳ ሲመጣ ሌላ ቦታ እንጂ እዚያ አስቀምጣ አታውቅም። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" አለችኝ። ጋሼ፣ ተቀመጥሁ።

ለእትዬ ህይወት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ የጠየቁኝን የጥልፍ ክር ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያገኙታል። ሰብሊን ጉንጯን ይሳሙልኝ፣ አይናለምን ደግሞ ትምህርቷን እንዳትሰለች ይንገሩልኝ። አጎታችን ገብረ ኢየሱስ በሬው በደኅና ዋጋ መሸጡን ንገሪልኝ ብለዋል። ሐጂም ወንድምሽን ሰላም በይልኝ ብለውኛል። እማዬ ከሁሉ አስቀድማ እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ ለመስቀል ደግሞ ዓይንህን አሳየኝ ትላለች። እኔም እንደ እሷው እላለሁ።

እህትዎ ያምሮት ባምላኩ
ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.