የአባባን ሸሚዝ አውልቂለት

ለውድ እህቴ ለመስሩሬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባባ እንቅልፍ ይወስደዋል? የባልሽ የሳቢት ወገብስ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝ የሾርባ ዱቄት፣ ታርሃናው፣ ደርሶኛል፤ ሰሞኑን ከእሱ ሾርባ ሌላ ምግብ አልወርድልኝ ብሏል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ስልክ ያልደወልኩት አባባ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ አብሮ ስለሚሰማ ነው። ሻይ ቤት ላሉት ጓደኞቹ ሁሉ “ልጄ የሠራችው ሸሚዝ” እያለ ሲኮራበት የከረመውን ነገር በሰው ፊት ላፈርስበት አልፈለግሁም። ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለሲማቭ አውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እንደደረሰሽ የላክሁለትን ሸሚዝ አውልቂለት።

የምንሠራው ክር ብር የተለበጠ ነው። ናይለኑ በብር ውሃው ገንዳ አልፎ ሲወጣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ደረት ላይ ሲሰፋ የልብን ምት ለስልኩ ይነግራል። እኔ የክሩ ጥራት ፈታሽ ነኝ፤ አዲሱን ክር አላማውም። ጉዱ ያለው እጥበቱ ላይ ነው። እዚህ የሚሞክሩት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነው። አንቺ ደግሞ ነጭ ልብስ በረኪና ካልነካው የታጠበ አይመስልሽም፤ መቼም የአገራችን ሴት ሁሉ እንዳንቺው ነች። እስቲ እንደ ቤታችን ልጠበው ብዬ አንዱን ሸሚዝ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ክሩ ጠቁሯል፤ መለኪያው ትንፍሽ አላለም።

ለአለቃችን ለፈሩህ ቤይ ወስጄ ባሳየው ሳቀብኝ። “አንቺ ልጅ፣ እህትሽ በሳፋ ስለምታጥብ ፋብሪካዬን ልዝጋልሽ?” አለኝ። በረኪና ክልክል ነው ብለን እንጻፍበት ስለው፣ “ከጻፍንበትማ ማን ይገዛናል!” አለ። ክሩ ሲሞት ስልኩ ምን ያሳያል አልኩት። “አረንጓዴ ነዋ! ቀይ ካሳየ ሰዉ እየደወለ ያደርቀናል” ብሎ በእጁ የያዘውን ጣፋጭ ባቅላቫ ዋጠና ጣቱን ላሰ። መስሩሬ፣ እስካሁን ምግብ ስቀርብ ያ ጣቱ ከዓይኔ አይጠፋም።

ገባሽ? ሸሚዙ ሲሞት አባባ ደህና ነው ይላል። ባለፈው “አባባ ደረቴን ወጋኝ ማለት ትቷል፤ ሸሚዙ ያውቃል ይላል” ስትይኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! አሁን ሳስበው ራሴም ፋብሪካውም ያስጠሉኛል። ከእንግዲህ በዚያ ክር ላይ አልፈርምም ብዬዋለሁ፤ ከፈለገ ያባርረኝ። አንቺ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ ኩታህያ ከተማ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ጥፋቱ የአንቺ እንዳይመስልሽ፤ የነገረሽ የለም።

ሳቢትን ከባድ ነገር አታንሳ ብላሃለች በይልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ህዳየትን ሳሚልኝ፤ ሸሚዝ እንዳዘዘች ሰምቻለሁ፣ እንዳትቀበል። የአባባን እጅ በእኔ ፈንታ ሳሚ። ስትስሚው ደረቱን እንዴት እንደሚያደርገው ጠይቂው። ሸሚዙ ያውቃል ካለሽ፣ አያውቅም፣ የሠራችው ልጅህ ናት የነገረችኝ በይው።

እህትሽ ኑርሃያት
ቡርሳ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2023