የቦራ ጉልበት

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ፈረሳችን ቦራ ዛሬ ሦስቴ ሞክሮ ነው የተነሣው። የፊት ጉልበቶቹ አብጠዋል፤ ውርጩ በወረደ ቁጥር ይብስበታል። የባሌ የደሳለኝ አባት፣ አያ ተገኘ፣ በረቱ ደጃፍ ቆመው አዩትና «ወደ ገደሉ አፋፍ ወስዳችሁ ልቀቁት። ሃያ ሦስት ዓመት ለፈረስ ይበቃዋል» አሉ። መልቀቅ ማለት ለጅብ መስጠት ነው። ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። መልስ የሰጠሁ እኔ ነኝ።

«የበኩር ልጄን ሳምጥ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው። አይለቀቅም።»

ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

መካነ ብርሃን ከተማ፣ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድሁት። የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሐኪሟ እግሩን አንሥታ ስታጥፈው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፣ ከእርጅና የመጣ፤ አይድንም፣ ማስታገስ ግን ይቻላል አለችኝ። መርፌ ወጋችው። ያዘዘችኝን እንዳልረሳ እጽፋለሁ፦

ጭነት የለም።
ጧትና ማታ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ይሂድ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ አይዋል።
መኝታው ደረቅ ጭድ።
ሰኮናው ይከርከም።
እንዳይወፍር እህል አይብዛበት።
በእሳት እንዳይተኮስ። ይህን ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ጧት በአንድ ሙከራ ተነሣ። ደሳለኝ እግሩን ይዞልኝ ሰኮናውን ከረከምሁ። ለገብሱ ጭነት ከጎረቤት አህያ ተውሰናል። አያ ተገኘ አያናግሩኝም፤ እኔም አላናገርኋቸውም። ቢሆንም ሸጋ ቀን ነው የዋልነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ በረቱ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ሁለቱንም ጉልበቶቹን በጋለ ማጭድ ተኩሰውታል። ቦራ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

«አንቱ፣ ምነው እንዲህ አደረጉት?» አልኋቸው አያ ተገኘን።

«ብርድ ነው የገባበት፣ ልጄ። ብርድን እሳት ነው የሚያወጣው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርግ።»

ሲተኩሱት የቦራን ገመድ የያዘላቸው ደሳለኝ ነው። እራቱን አቅርቤለት ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አልተነሣም። የግራ ጉልበቱ መግል ይዟል። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለሐኪሟ ደወልሁ። ቁስሉን አፍልተሽ ባበረድሽው የጨው ውኃ እጠቢው፣ ረቡዕ እመጣለሁ አለች። መግሉ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ግን መድኃኒት እንደሌላት፣ በመርፌ ገድላ እንደምታሳርፈው ነገረችኝ። እሺ አልኋት። እሺ ማለቴ ሲከነክነኝ ዋለ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ቁስሉን ሳጥብ አያ ተገኘ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ሐኪሟ ምን ነበር ያለችሽ?»

ደብተሬን አውጥቼ አነበብሁላቸው። እሳቱ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምነው ይህን ቀድመሽ ባነበብሽልኝ» አሉ።

የእሳቱን ነገር ለደሳለኝም አልነገርሁትም ነበር። ያለፈው ማክሰኞ ከክሊኒኩ ስመለስ እንደ ተናደድሁ ነበርና፣ ምን አገባቸው ብዬ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ማጭዱን ያጋሉት እሳቸው ናቸው። ዝም ያልሁት ግን እኔ ነኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሐኪሟ መጣች። የቀኙ ቁስል ከቆዳ አላለፈም። የግራው ያጠራጥራታል። ለአምስት ቀን የሚወጋ መድኃኒት ትታልን፣ አወጋጉን ለደሳለኝ አሳየችው። «ዛሬ አላሳርፈውም። እስኪ መቆም ይችል እንደሆነ እንየው» አለች።

ከሆዱ ሥር ጆንያ አሳልፈን አራታችን አነሣነው። አያ ተገኘ ከኋላው ትከሻቸውን አስገብተው ገፉ። ቆመ። ግድግዳ ተደግፎ፣ ግራ እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ መቶ እስክቆጥር ቆየ። ሸና። ከእጄ ትንሽ ሣር በላ። ከዚያ ተመልሶ ተኛ።

ሐኪሟ ከሄደች በኋላ ደሳለኝ «ገመዱን መያዝ አልነበረብኝም» አለኝ። እኔም የደበቅሁትን ነገርሁት። ከዚያ አብረን ቁስሉን አጠብን።

«ይተርፍ ይሆን?» አለ በመጨረሻ።

አላውቅም አልሁት። ነገ ጧት እንደገና እናነሣዋለን።