የቀለጠው የአየር ቱቦ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በጋራዣችን የአየር ሞላ ገጥመን ዝቅ ያደረግነው ፒክአፕ ዛሬ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ባለቤቱ በአየር ከፍ ዝቅ እያደረገ ለጓደኞቹ ሲያሳይ፣ በግራ ጎኑ ቁጭ ብሎ ቀረ።

“አይ የተማረ ሰው ሥራ!” ብሎ ከጓደኞቹ አንዱ፣ መካኒክነት በኮሌጅ መማሬን የሚያውቅ፣ ሳቀብኝ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ታዬም ወዲያው “እሷ ናት የገጠመችው” አሉ። ጠዋት መኪናው ቀጥ ብሎ ሲነሳ “ይህ የእኔ የእጅ ሥራ ነው” ያሉት እሳቸው ነበሩ።

በክሪክ አስነስቼ ሥሩ ገባሁ። የአየር ቱቦው የጋለውን የጭስ ማውጫ ማርሚታ ነክቶ ቀልጧል። እኔ ያሰርኩት በሌላው በኩል ነበር፤ ትናንት “በዚህ በኩል መንገዱ ያጥራል” ብለው ያዞሩት ጋሽ ታዬ ራሳቸው ናቸው።

ቱቦውን ይዤ ስወጣ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ” አሉኝ። የቀለጠውን ቱቦ ለማንም ሳላሳይ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገ አዲስ ቱቦ መጀመሪያ ባሰርኩበት በኩል እገጥማለሁ። ከእንግዲህ ግን “ልጄ” ቢሉኝም የእሳቸውን ጥፋት አልሸከምም።